ተገልብጦ የተሳለው ጣሪያ

«‹ዛሬ ነገ እያሉ ስምንት ጊዜ መለሱን› ልበል ወይስ ‹ዘጠኝ ጊዜ›?» አለ አባቷ፣ ጭኑ ላይ የዘረጋትን ብጣሽ ወረቀት እያየ። «ስንት ጊዜ ነበር የሄድሽው፣ ማስመሪያ?»

«አላስታውስም አባዬ።»

«ዘጠኝ እላለሁ። ዘጠኝ ይከብዳል።»

ማስመሪያ የሚለውን ስም ያወጡላት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው። አንዲት መስመር ጠመመች ብላ ገጹን በሙሉ የምትቀድ ልጅ ሌላ ምን ትባል? ቀስ እያለ ስሙ ቤት ድረስ ገባና እናትና አባቷም ለመዱት። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ከአባቷ አጠገብ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ቦርሳዋ ውስጥ ማንም ያላየው አንድ ደብዳቤ አለ።

ቅዳሜ ቢሆንም አዳራሹ ጢም ብሏል። አዲሱ ኃላፊ ነዋሪውን የሰበሰበው የሶላር መትከያ ፈቃድ እንዴት ይቅለል ብሎ ሊጠይቅ ነበር። ሐሳብ ይዞ የመጣ ግን ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሰው ብሶቱን ነው የተሸከመው። ማይክሮፎኑን የያዘው የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ክንዱ ላይ የቀረውን ዱቄት እንኳ አላራገፈም።

«አራት ቅጂ ንድፍ፣ ሁለት ፎቶ፣ የግራና የቀኝ ጎረቤት ፊርማ!» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «ጌታዬ፣ ሚስቴን ሳገባ እንኳ ይሄን ያህል ፊርማ አልተጠየቅኩም! ፀሐይዋ ራሷ እኮ ፈቃድ ሳትጠይቅ ነው የምትወጣው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሳይበርድ ከኋላ አንዱ ጮኸ። «የመስኮት ሦስቷ ሴትዮ ናት ፋይል የምትቀብረው! እሷ ትነሳልን!»

«ትነሳልን!» አሉ ሌሎችም።

የመስኮት ሦስቷ ሠራተኛ እዚያው ነበረች። መድረኩ ጥግ ካለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ሆና ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገችና ጻፈች። ስለ ራሷ የተባለውን ነው የምትጽፈው። ማስመሪያ ይህን ስታይ ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«አየሽ አይደል?» አለ አባቷ ጉልበቷን መታ መታ አድርጎ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

ነገሩ የጀመረው ከአምስት ወር በፊት ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የስፌት መኪና አላት። ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ መብራት ጠዋት ሄዶ አመሻሽ ላይ ከአባቷ እኩል ወደ ቤት የሚገባ ሆነ። አባቷ ሴራሚክ አንጣፊ ስለሆነ መብራት ኖረም አልኖረም ሥራው አይቆምም። እናቷ ግን ቀኑን ሙሉ የተቆረጠ ጨርቅ ታቅፋ አምፖሉን ቀና ብላ ታያለች። ሶላር ተገዛ። ፓኔሎቹም ግድግዳ ተደግፈው ፈቃድ መጠበቅ ጀመሩ።

ለፈቃዱ የጣሪያው ንድፍ ያስፈልጋል። ንድፍ የሚሠራው ባለሙያ ወረፋው ብዙ ነበር። «ልጄ እያለችልኝ የማንን ደጅ እጠናለሁ!» አለች እናቷ። ማስመሪያ በሁለት ቀን ሠርታ አስረከበች። ሥራው ከማማሩ የተነሳ እናቷ ልብስ ሊለካ የመጣውን ሁሉ ሳታሳይ አትሸኝም ነበር። «ልጄ ናት የሳለችው። መስመሩን እይልኝማ!»

ደንቡ ሰሜን ወደ ላይ ይሁን ይላል። ማስመሪያ ግን የግቢው በር ከታች ሲሆን ስዕሉ ያምራል ብላ ቤቱን አዞረችውና ሰሜንን የምታመለክተውን ቀስት ማዞር ረሳች። በወረቀቱ መሠረት ፓኔሎቹ የሚያርፉት ቀኑን ሙሉ የጎረቤት ፎቅ በሚያጠላበት በኩል ሆነ። የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ መሰላል ላይ ወጥቶ ወረቀቱን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። ከዚያ ወርዶ «ንድፉ ከቤቱ ጋር አይገጥምም፤ ተመላሽ» የሚል ደብዳቤ ጻፈና ሰጣት። ቤት ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ነበረች።

ለእናቷ ልታሳያት አስባ ነበር፤ እውነቷን ነው። እናቷ ስትመጣ ግን አንዲት ደንበኛ ይዛ ገባችና ገና ከበሩ «ንድፉን አሳያታለሁ ብዬ ነው ያመጣኋት» አለች። ማስመሪያ ደብዳቤውን ደብተሯ ውስጥ ሸጎጠችው።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ፣ አባቷ ቀድሞ የፈረመባቸውን ትርፍ ቅጾች ከታረመው ንድፍ ጋር ይዛ መስኮት ሦስት ሄደች። ሠራተኛዋ በመነጽሯ ሥር አየቻት።

«ይሄ እኮ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው» አለች። «ያኔውኑ ያየው ሰው ቢኖር እዚሁ ቆመሽ ታርሚው ነበር። ምን ላድርግ፣ ደንቡ እንደ አዲስ ይቆጥረዋል። ወረፋው መጨረሻ ነው የሚገባው፤ ዘጠኝ ሳምንት።» ቀኑን በትንሽ ወረቀት ጽፋ ሰጠቻት። «ለቤተሰቦችሽ ንገሪ፣ ልጄ። ቀኑን አውቀው ይጠብቁ።»

አልነገረችም። አባቷ በየሳምንቱ «እስቲ ጎራ ብለሽ ጠይቂ» ይላታል፤ እሷም በማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት አልፋ ትመጣና «ገና ነው፣ ዛሬ ነገ ይላሉ» ትላለች። ዛሬ ነገ የምትለው መስኮት ሦስት ላይ ያለችው ሴትዮ ናት አለች። ባለ መነጽሯ ናት፣ ሰው ታመናጭቃለች አለች። አንዴ የጀመሩት ውሸት እግር አውጥቶ ብቻውን ይሄዳል።

በአምስተኛው ሳምንት እናቷ የምትሰፋው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሥራ ጄኔሬተር ላለው ለሌላ ሰፊ ተሰጠ። በሰባተኛው እናቷ ሩቅ ከተማ ያለ ልብስ ፋብሪካ የሁለት ዓመት ውል ፈረመች። በስምንተኛው ሄደች። አውቶቡሱ ላይ ሆና በመስኮት ስታያቸው አላለቀሰችም፤ ያለቀሰው አባቷ ነው። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ፣ ልክ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ቀን፣ ፈቃዱ መጣ።

አሁን ቤታቸው መብራት አይጠፋበትም። የስፌት መኪናው አንሶላ ለብሷል። አባቷ ከሥራ ይመጣና አምፖሎቹን ሁሉ አብርቶ፣ የሠርግ ቤት በሚመስል ሳሎን ውስጥ ብቻውን ይቀመጣል። ማስመሪያ ያንን ስታይ ልቧ ተሰብሮ ወደ መኝታ ቤት ትገባለች።

«ከሁለት ሰው በኋላ እኔ ነኝ» አለ አባቷ ተነስቶ። «ማይክ ስይዝ እንዳልንቀጠቀጥ ብቻ ጸልዪልኝ።» ሄዶ ሰልፉ ላይ ቆመ።

ማስመሪያ ሰዓቱን አየች። የፋብሪካው የምሳ እረፍት ነው። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ወደ ኮሪደሩ ወጣችና ደወለች።

«ወይ፣ የኔ ልጅ!» አለች እናቷ፤ ከኋላዋ ሳህን ይንኳኳል። «ምን ተገኘ በምሳ ሰዓት? አባትሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እስክጨርስ አታቋርጪኝ።»

ነገረቻት። ስለ ቀስቷ፣ ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ዘጠኙ ሳምንት፣ ዛሬ ነገ ስለሚለው ነገር። ምንም አላስቀረችም።

«እማዬ?»

«ቀኑን ነግረውሽ ነበር?» አለች እናቷ። ድምፅዋ ቀጥኗል። «በወረቀት ጽፈው?»

«አዎ።»

«ስዕልስ ይሁን። ሰው ነው፣ ይሳሳታል። እኔ ስንት እጅጌ ገልብጬ ሰፍቻለሁ፤ ፈትቼ እንደገና እሰፋዋለሁ። ቀን እንዳለው ባውቅ ግን እጠብቅ ነበር እኮ። ያገኘሁትን ልብስ ሁሉ በእጄ እየሰፋሁም ቢሆን እጠብቅ ነበር። ማለቂያ የለውም ብዬ ነው የፈረምኩት።»

«ነይ በቃ፣ እማዬ። አሁን እኮ መብራት አለ። ቀን ሙሉ አለ።»

«ፈርሜያለሁ፣ ልጄ። ሁለት ዓመት ነው።» እናቷ እያለቀሰች ነበር፤ አውቶቡሱ ላይ ያላለቀሰችውን። «ይሄንንስ በምን እፈታዋለሁ?»

ፋብሪካው ውስጥ ደወል ጮኸ። እናቷ «ልግባ» አለችና ስልኩ ተዘጋ።

ማስመሪያ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። እንባዋ መንታ መንታ ሆኖ ወረደ። ወደ ቤት መሄድ ትችላለች፤ እናቷ ለአባቷ ቶሎ እንደማትነግረውም ታውቃለች። ከአዳራሹ «ትነሳልን!» የሚለው ድምፅ እንደገና ተሰማ። ፊቷን በሹራቧ እጅጌ ጠርጋ ተመልሳ ገባች።

አባቷ ፊት አንድ ሰው ቀርቷል። ደብዳቤውን አውጥታ ሰጠችው።

«ምንድን ነው?»

«አንብበው፣ አባዬ።»

አነበበው። ቀኑን ሲያይ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ሳምንት እየቆጠረ ነበር። «ይሄ… እናትሽ ሳትሄድ በፊት ነው።»

«አዎ። በማግሥቱ አርሜ አስገባሁት፤ ዘጠኝ ሳምንት አሉኝ። ቀኑንም ጽፈው ሰጥተውኝ ነበር፤ ደበቅኳችሁ።»

«ዛሬ ነገ እያሉ ሲመልሱሽስ የነበረው?»

«እኔ ነኝ ያልኩት። የመስኮት ሦስቷ እትዬ አንድ ቀንም እንዲህ ብለውኝ አያውቁም።»

አባቷ ደብዳቤውን መልሶ ሰጣት። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። «እናትሽ ታውቃለች?» አለ።

«አሁን ነገርኳት።»

ንግግሩን የጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት አጣጠፈና ኪሱ ከተታት። ከዚያ ከሰልፉ ወጥቶ፣ ሰዎቹን «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ አልፎ፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ ከማንም ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ቦታው ባዶ ሆነ። ከፊት የነበረው ሰውዬ ተናግሮ እስኪጨርስ ማስመሪያ ባለችበት ቆመች።

«ቀጣይ ተናጋሪ!» አለ ሰብሳቢው። ዙሪያውን አየና ዓይኑ እሷ ላይ አረፈ። «አንቺ ነሽ እንዴ፣ እህቴ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ፊት ረድፍ የተቀመጠው ዳቦ ጋጋሪ ተነስቶ የማይክሮፎኑን መቆሚያ እስከ ቁመቷ ዝቅ አደረገላት። አዳራሹ ትንሽ አጉረመረመ፣ ከዚያ ጸጥ አለ።

«መስኮት ሦስት ላይ ያሉት እትዬ የኛን ፋይል አልቀበሩትም» አለች። «ንድፉን ገልብጬ የሳልኩት እኔ ነኝ። ሲመለስም የደበቅኩት እኔ ነኝ።»

አባቷ መጨረሻው ረድፍ ላይ አንገቱን ደፍቷል። ቀና እስኪል አልጠበቀችም።

«ስህተቱ ግን የአምስት ደቂቃ ነበር» አለች። «ወረቀቱን ስንሰጥ እዚያው፣ እኛ ቆመን፣ የሚያይልን አንድ ሰው ይኑር። የተሳሳተም ሰው እዚያው ያርም እንጂ ወረፋው መጨረሻ አይግባ። ቀኑንም ለልጅ አትስጡ፤ ለእናቱ ደውሉና ንገሯት።»