የአያ ማሩ ፊርማ

አያ ማሩ የተገኙት በገዛ አትክልት ቦታቸው፣ ቦዩ ውስጥ በደረታቸው ተደፍተው ነበር። ውሃው መሄጃ አጥቶ ብርቱካኖቹ ሥር ተኝቷል። ግራ እጃቸው ብቻ ከውሃው ወጥቶ ደረቁ ዳር ላይ ተዘርግቷል፤ አንድ ነገር ሊቀበሉ የዘረጉት ይመስላል።

ቀኑ ዓርብ ነው፤ 1998 ዓ.ም.፣ የካቲት። ቦታው ከመርሳ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ ቀበሌ ነው። አለሚቱ ወሬውን ስትሰማ ነጠላዋን እንኳ ሳታጣፋ ሮጠች። ስትደርስ ግን ከሬሳው በፊት ያየችው ልጇን ነው። ሊዲያ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆማለች።

«ልጄ ምን አድርጋ ነው?»

ዋና ሳጅን ኣስገዶም የአካባቢው ፖሊስ ኃላፊ ነው። አለሚቱን ያውቃታል፤ ሲያናግራት ዓይኗን ላለማየት መሬት መሬት አየ። «እትዬ አለሚቱ፣ ይረጋጉ። ትናንት ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅ አገር ሰምቷል። ዛሬ ደግሞ ቦርሳዋ ውስጥ የሟቹ ስም ያለበት የሐሰት ፊርማ አገኘን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፖሊስ አዲስ ምልምሎችን እየመዘገበ ነበር። ተመዝጋቢ ሁሉ አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቀበትን ማስረጃና ሦስት የቀበሌ ሽማግሌዎች የፈረሙበትን የመልካም ሥነ ምግባር ደብዳቤ ማቅረብ አለበት። ምዝገባው ሰኞ ያበቃል። ሊዲያ ሁለቱን አስፈርማ ሦስተኛው አያ ማሩ ቀርተዋታል። ሐሙስ ቀበሌ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ «እዚህ አልፈርምም» አሏት። እሷም አልቅሳ «አንቱ ባትፈርሙልኝም ፖሊስ መሆኔ አይቀርም» ብላ ወጣች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከወልድያ አንዲት መርማሪ መጣች፤ ኢንስፔክተር ጽጌ ትባላለች። አጭር፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ጫማዋን አውልቃ ሱሪዋን ሰበሰበችና ጭቃው ውስጥ ገባች። አለሚቱ ከአጥሩ ማዶ ሆና እያንዳንዱን እንቅስቃሴዋን ተከተለች።

ጽጌ መጀመሪያ የሟቹን ማጅራት አየች። ቀጥላ ቦዩ አፍ ላይ ያለውን የውሃ መክፈቻ ድንጋይ ዳሰሰች። ድንጋዩ ላይ ደምና ሽበት አለ።

«ሳጅን፣ ወደ ኋላ ወድቆ ማጅራቱን የተመታ ሰው እንዴት በደረቱ ተደፋ?»

ኣስገዶም ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አየ።

ግራ እጃቸው ጋ ስትደርስ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። አውራ ጣታቸው ሐምራዊ ሆኗል።

«የማኅተም ፓድ ቀለም ነው» አለ ኣስገዶም። «አያ ማሩ የሚፈርሙት በጣታቸው ነው። ፊደል አይለዩም።»

«ጭቃውስ?»

«አትክልተኛ ናቸዋ።»

ጽጌ በምላጭ ጫፍ ከጣቱ ትንሽ ፋቅ አድርጋ ወረቀት ላይ አኖረችና በማጉያ መነጽር አየችው። ከዚያ የኮታቸውን ደረት ገለጠች። ከቁልፉ ቀዳዳ ላይ በክር የታሰረ እስክሪብቶ ተንጠልጥሏል።

«ፊደል የማይለዩ ሰው እስክሪብቶ አስረው ይዞራሉ?»

«ለልጅ ልጃቸው ይሆናል።»

«ይሆናል» አለችና ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ምርመራው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ቀጠለ። አለሚቱ ከተከፈተው መስኮት ሥር ተቀመጠች፤ ተነሽ ያላት የለም። ቀድሞ የገባው ሬሳውን ያገኘው ጎረቤት፣ ነጋዴው ሸሻይ ነው። የእሱ አትክልት ቦታ ከአያ ማሩ ቦታ ዝቅ ብሎ ይገኛል።

«ዛሬ የውሃ ተራው የእኔ ነበር» አለ። «ልክ ሰባት ሰዓት ሲሆን ውሃው ቀረብኝ። እኚህ ሰውዬ ዛሬም ተራዬን ጠለፉት ብዬ ተናደድኩ።»

«ተናድደህ ምን አደረግህ?»

«ተኛሁ።»

«ተኛህ?»

«ሲያናድዱኝ እተኛለሁ። ባለቤቴን ጠይቂያት፤ እሷ ስታናድደኝም እንደዚያው ነኝ።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «አሥር ሰዓት ላይ ተነሥቼ ልጣላቸው ስወጣ ነው ያየኋቸው። ያን ጊዜውኑ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ...» አልጨረሰውም።

ቀጥሎ የቀበሌው ጸሐፊ ሲሳይ ገባ። ሰው አክባሪ ነው፤ ቡናማ ኮቱ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው።

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጣታቸውን ይዤ ያሳተምኳቸው እኔ ነኝ» አለ። «ዛሬም ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እዚሁ መጥተው፣ ፖሊስ ለመሆን ለሚመዘገበው ወንድሜ ለዮናስ ደብዳቤ ጣታቸውን ሰጥተዋል። ይኸው።»

«ዮናስ የት ነው?»

«ከትናንት ጀምሮ ወልድያ ነው፤ ለጤና ምርመራ።»

«ፓዱን ማየት እችላለሁ?»

ሲሳይ አንገቱ ላይ በተንጠለጠለ ቁልፍ መሳቢያውን ከፈተ። የፓዱ ክዳን ስለተሰበረ በላስቲክ ታስሯል።

«ይህን ሌላ ሰው ይዞት ይወጣል?»

«ከእኔ በቀር የሚነካው የለም። ከዚህ መሳቢያም ወጥቶ አያውቅም።»

በመጨረሻ ሊዲያ ገባች። የልጇን ድምፅ ስትሰማ አለሚቱ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች።

«አምስት ሰዓት ላይ አትክልት ቦታቸው ሄድኩ። ራሳቸው ናቸው ዛሬ ነይ ብለው የላኩብኝ። ቦይ እየጠረጉ ነበር። ቀኝ እጃቸውን ታጥበው ፈረሙልኝ።»

«ግራ እጃቸውስ?»

«ጭቃ ነበር። ወረቀቱን እንዳያጨቀዩት እኔ ያዝኩላቸው።»

«በምን ፈረሙልሽ?»

«በእስክሪብቶ። ስማቸውን ጻፉ።»

ኣስገዶም ተነፈሰ። «አንቺ ልጅ፣ ቢያንስ የሚመስል ነገር ዋሺ።»

«ከዚያ የት ሄድሽ?» አለች ጽጌ።

«መርሳ፣ ጉርድ ፎቶ ልነሣ። እስከ ስምንት ሰዓት ተሰልፌ ነበር።»

መስኮቱ ሥር አለሚቱ ሁሉንም ሰማች። ልጇ እንዳልዋሸች ታውቃለች። ከአሥራ አንድ ሴቶችና ከአንዲት መምህርት በቀር በዚያ ቀበሌ ማንም የማያውቀውን ነገር ታውቃለች። ይህን ለመናገር ግን ሌላም ነገር መናገር ይኖርባታል፤ እሱን ደግሞ ልጇ ከሰማች ዳግም የእናቷን ዓይን የምታይ አልመሰላትም።

ቅዳሜ ማለዳ ጽጌ በረንዳው ላይ ማስታወሻዋን ስታገላብጥ አለሚቱ ፊቷ ቆመች።

«ልጅዎ ፖሊስ እንድትሆን አይፈልጉም አይደል?» አለች ጽጌ ቀና ሳትል።

«ማን ነገረዎት?»

«ትናንት ያየሁት ፊትዎ። ልጅዎን ሳይሆን የፖሊሶቹን ጠብመንጃ ነበር የሚያዩት።»

አለሚቱ ተቀመጠች። «እኔ የማውቀው ፖሊስ መሣሪያ ተሸክሞ ሌሊት የሚዞረውን ነው። አንድ ቀን ሬሳዋን ያመጡልኛል እያልኩ እንቅልፍ የለኝም።»

«እኔም በኮንስታብልነት ስገባ እናቴ ሦስት ወር አኩርፋኛለች። መጀመሪያ ዘብ ቆምኩ። ቀጥሎ መዝገብ ቤት አስገቡኝ፤ አራት ዓመት ፋይል ስደረድር አቧራ ጠጣሁ። ሰው እንዴት እንደሚዋሽ የተማርኩት ከዚያ ፋይል ነው። ፖሊስ ብዙ ዓይነት ነው፣ እትዬ አለሚቱ። ትራፊኩም፣ መዝገብ ያዡም፣ መርማሪውም ፖሊስ ነው። አሁን እኔ ሽጉጤ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ የምሠራው በእስክሪብቶና በምላጭ ነው።»

አለሚቱ ወደ ጽጌ ጠጋ አለች። ከዚያ ተናገረች።

ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የጎልማሶች ትምህርት አለ። ልጇ እንዳትስቅባት «ማኅበር አለብኝ» እያለች ሰባት ወር ተምራለች። ከኋላ ወንበር፣ ከእሷ ጎን፣ አያ ማሩ ይቀመጡ ነበር። እሳቸውም የትምህርት ቤቱን ችግኝ ላጠጣ እያሉ ነበር የሚመጡት፤ ደብተራቸውን መምህርት ሙሉ ታስቀምጥላቸዋለች። ስማቸውን መጻፍ የቻሉ ዕለት በሴቶቹ ፊት ማሉ፤ ጣቴ ከእንግዲህ ቀለም አይነካም፣ አሉ።

«ቀበሌ ውስጥ አልፈርምም ያሉት ለዚህ ነው» አለች አለሚቱ። «የእጄን መንቀጥቀጥ አይተው ይስቁብኛል ብለው ፈርተው ነው።»

«ይህን ትናንት ለምን አልነገሩኝም?»

አለሚቱ ነጠላዋን ጣቷ ላይ ጠመጠመች። «ሐሙስ ዕለት ክፍል ውስጥ... እባክዎ ለልጄ አይፈርሙላት ብዬ ለመንኳቸው። እንድትቀርልኝ ብዬ። አያ ማሩ ምን አሉኝ? ‹የመጀመሪያው ፊርማዬ የእሷ ነው፤ አንቺም መጻፍና ማንበብ የጀመርሽው ልጅሽን አጥር ውስጥ ልትዘጊባት ነው?› አሉኝ።»

ጽጌ ማስታወሻዋን ዘጋች። «አንድ ጥያቄ። ዮናስ ምን ዓይነት ልጅ ነው?»

«በክረምት መሪማ የምትባለዋን ብርቱካን ሻጭ በዱላ እጇን ሰብሯታል። በሽምግልና አለቀ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አያ ማሩ ነበሩ።»

ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሲሳይ ከፊት፣ ሸሻይ ከበሩ አጠገብ፣ ሊዲያ ከኣስገዶም ጎን ተቀመጡ። መምህርት ሙሉ ጭኗ ላይ አንድ የተጠቀለለ ደብተር ይዛለች።

ጽጌ ሁለት ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«አንዱ ላይ የጣት አሻራ፣ ሌላው ላይ የተጻፈ ስም አለ። አንድ ሰው በአንድ ቀን በሁለት ዓይነት መንገድ አይፈርምም። ስለዚህ አንዱ ሐሰት ነው። ሁላችንም ሐሰተኛው የተጻፈው ነው ብለን ጀመርን፤ አያ ማሩ መጻፍ አይችሉም ተብለናልና። እትዬ አለሚቱ፣ ይንገሩን።»

አለሚቱ ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ ልመናዋንም አልደበቀችም። ሊዲያ አንገቷን ደፋች። መምህርት ሙሉ ደብተሩን ከፈተች፤ ከዳር እስከ ዳር በሚንቀጠቀጥ ፊደል «ማሩ፣ ማሩ፣ ማሩ» ይላል። ኣስገዶም ከሊዲያ ደብዳቤ ጋር አስተያየውና ኮፍያውን አወለቀ።

«መጻፍ መቻላቸው ጣታቸውን አይከለክልም» አለ ሲሳይ በእርጋታ። «ለልጅቷ ጻፉ፤ ለእኔ ወንድም ደግሞ እንደ ልማዳቸው አተሙ። ምን ችግር አለው?»

«መቼ አተሙ?»

«ነገርኩሽ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ እዚህ።»

«እሺ። ጠዋት ቀለም ነክቷቸው ከዚያ ቦይ ሲጠርጉ ውለው ቢሆን ጭቃው ከቀለሙ በላይ ይሆን ነበር። እኔ በምላጭ ስፍቀው ግን ቀለሙ ከላይ፣ ጭቃው ከሥር ነው። ወረቀቱም ይኸው፤ አሻራው ውስጥ የጭቃ ደቃቅ አለ። አያ ማሩ ጣታቸው ቀለም የነካው አትክልት ቦታቸው ውስጥ፣ ሊዲያ ከሄደች በኋላ ነው።»

ጽጌ ወረቀቱን ለኣስገዶም አሳልፋ ሰጠች።

«ሸሻይ ውሃው ሰባት ሰዓት ላይ ቀረብኝ ብሏል። የቀረበት ቦዩን የአያ ማሩ ገላ ስለዘጋው ነው። በዚያ ሰዓት ሊዲያ መርሳ ተሰልፋለች፤ ፎቶ አንሺው ትናንት ማታ አረጋግጦልኛል። ዮናስ ወልድያ ነበር። ዓርብ ደግሞ ቢሮ ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ይዘጋል። ፓዱ ያለው አንድ ሰው እጅ ነው፤ ከመሳቢያ ወጥቶ አያውቅም ያለኝም ራሱ ነው። ሲሳይ፣ እባክህ የኮትህን የውስጥ ኪስ ገልብጥልን።»

ሲሳይ አልተንቀሳቀሰም። ኣስገዶም ተነሥቶ ኪሱን ገለበጠው። ገበሩ የመዳፍ ያህል ሐምራዊ ሆኗል።

«ክዳኑ የተሰበረ ፓድ ኪስ ውስጥ አይያዝም» አለች ጽጌ።

ሲሳይ ገበሩን እያየ ተናገረ። «እጁን በሴት ላይ ያነሣ ልጅ መሣሪያ አይታጠቅም አሉኝ። አሥራ ሁለት ዓመት እምቢ ብለውኝ አያውቁም። ገፋ አደረግኋቸው እንጂ ልገድል አልሄድኩም። ሞቱ ብዬ ነው ጣታቸውን...»

«አልሞቱም ነበር። ወደ ኋላ ነበር የወደቁት። ሐኪሙ ሳንባቸው ውስጥ ውሃ አግኝቷል። ጣታቸውን ካተምክ በኋላ ወደ ቦዩ ያገላበጥካቸው በሕይወት እያሉ ነው። ሰው ብትጠራ ሸሻይ መቶ እርምጃ ላይ ነበር።»

ሸሻይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሲሳይን ሲወስዱት ሊዲያ ደብዳቤዋን ልታነሣ እጇን ዘረጋች። ጽጌ ቀደመቻት። «ይሄ አሁን ማስረጃ ነው፤ መዝገብ ውስጥ ይገባል። ግን የአያ ማሩ ፊርማ እውነተኛ መሆኑን ጽፌ በማኅተም እሰጥሻለሁ። ሰኞ ይዘሽ ትመዘገቢያለሽ። እናትሽ ግን የምስክርነት ቃላቸው ላይ ካልፈረሙ መዝገቡ ይጎድላል።» ወደ አለሚቱ ዞረች። «እንዳይፈርሙ የሚያስገድድዎ የለም፤ እንዲፈርሙም እንዲሁ።»

ኣስገዶም እንደ ልማዱ የራሱን ፓድ ከፍቶ ወደ አለሚቱ ገፋው።

አለሚቱ ፓዱን አየችው። ልጇንም አየቻት፤ ሊዲያ ከትናንት ጀምሮ ባልተለወጠው ጭቃማ ጫማዋ ቆማ ትጠብቃለች።

«እስክሪብቶ ስጠኝ» አለች።

ጎንበስ አለች። «አ» ብላ አረፈች። «ለ» ላይ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ማንም አልሳቀም። ሊዲያ ጠጋ ብላ ወረቀቱ እንዳይንሸራተት በሁለት ጣቷ ያዘችላት፤ ለአያ ማሩ እንደያዘችላቸው። አለሚቱ ስሟን ጨርሳ እስክሪብቶውን ወዲያው አላስቀመጠችም።

«ሥልጠናው ስንት ወር ነው?» አለች ኢንስፔክተሯን።

«ስድስት።»

«ደብዳቤ ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

«እንግዲያው» አለች አለሚቱ ወደ ልጇ ዞራ፣ «ደህና ነኝ ብለሽ በየሳምንቱ ጻፊልኝ። ራሴ አነበዋለሁ።»