በሃያ ሦስት ቀን የምትበልጠው

ልጄ ራውዳ የተፎካካሪዋን የምርጫ ቅስቀሳ ወረቀት ሁለት ቦታ አጥፋ፣ አልጋዋ አጠገብ ባለ መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጣ አገኘሁት። የራሷ ወረቀቶች ሳሎን ተከምረዋል፤ የወይራ ዘይት ሳይቀር ነክቷቸዋል። የእሱ ግን ምንም ቆሻሻ የለበትም።

ማንበብ የተማርኩት ባለፈው ዓመት፣ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ሰፈራችን ባለው የጎልማሶች ክፍል ነው። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። «ናውፈል፣ የጂኦግራፊ መምህር። ለሰዓት መምህራን ማህበር ሊቀመንበርነት ይምረጡኝ።» ከሥሩ ፎቶ አለ። ጺሙን በቅጡ ያልተላጨ፣ ዓይኑ የሚስቅ ሰው።

የባላንጣን ወረቀት መጽሐፍ ውስጥ የሚያኖር ማን ነው?

«ራውዳ፣ ይሄ ናውፈል የሚሉት እንዴት ያለ ሰው ነው?» አልኳት ማታ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ።

«ስለ ናውፈል ማን ነገረሽ?»

«አሁን እኮ ማንበብ እችላለሁ።»

«ፊደል ያስቆጠረሽን ሰው ባገኘሁት!» አለችና ከሽንኩርቱ አጠገብ ያኖርኩትን ወረቀት ነጠቀችኝ። አልቀደደችውም ግን። መልሳ አጠፈችው።

የሰዓት መምህር ማለት ምን እንደሆነ ለመረዳት ራሱ ጊዜ ወስዶብኛል። ጎረቤቴ ዙበይዳ «ልጅሽ ምን አስተማሪ ናት?» ስትለኝ «የሰዓት መምህር» ብያት፣ «ውይ! እነዚያ የሚያካክሉ የኮሌጅ ልጆች ሰዓት ማንበብ አይችሉም?» ብላ አስቃኛለች። ራውዳ የምታስተምረው ታሪክ ነው፤ የሚከፈላት ግን ክፍል በገባችበት ሰዓት ልክ ነው። ቢሮ የላትም። ውሏ የሚፈረመው አስተምራ ልትጨርስ ስትል ነው። በየሴፕቴምበሩ የስም ዝርዝር ይለጠፋል፤ ስሟ ከሌለ ሌላ ሥራ ትፈልጋለች፣ አለቀ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ያ ዝርዝር ነበር።

«ተይ ልጄ፣ ውጪልኝ ከዚህ ምርጫ» አልኳት። «ራሱን ቀና ያደረገ ሰው ስሙ ከዝርዝር ይጠፋል ብለሽ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ።»

«ነግሬሻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ እስከ መቼ አንገቴን ደፍቼ ልኑር፣ እማ?»

ወደ ሌላ ጥያቄ ዞርኩ፤ ከናውፈል ጋር እንዴት ተዋወቃችሁ? ነገሩን በየቀኑ ቁራጭ ቁራጭ እየሰጠችኝ፣ በሳምንቱ ሙሉ ሆነልኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ አንድ ጧት፣ የኮሌጁ ቢሮ ለሁለቱም አንድ ክፍል በአንድ ሰዓት ሰጥቶ ኖሯል። በር ላይ ተፋጠጡ፤ ከኋላቸው የሁለቱም ተማሪዎች።

«ይቅርታ፣ ክፍሉ የኔ ነው» አለችው።

«የኔም ነው። ይኸው ወረቀቴ።»

«ወረቀትህ ተሳስቷል።»

«ያንቺ የማይሳሳተው ማን ስለጻፈው ነው?»

ማንኛቸውም ቢመለሱ ሰዓቱ አይታሰብላቸውም። ስለዚህ ሰሌዳውን መሃል ለመሃል በጠመኔ ከፈሉት። እሱ በግራ በኩል የከተማችንን የስፋክስን ባህር ዳርቻ ሲስል፣ እሷ በቀኝ በኩል በዚያ ባህር ስለመጡት መርከቦች ተረከች። ተማሪዎቹ በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ ይሁንልን አሉ።

ከዚያ ወዲህ የፈተና ወረቀት የሚያርሙት አብረው ነበር፤ ከኮሌጁ ጀርባ ባለች፣ የሽምብራ ሾርባ በደረቅ ዳቦ ላይ በምታፈስ ጠባብ ላብላቢ ቤት ውስጥ። ሦስት ዓመት ሙሉ። እኔ ደግሞ ልጄ ቤተ መጻሕፍት የምታመሽ መስሎኝ!

የማህበሩ የቀድሞ ሊቀመንበር ኦማን አገር ሥራ አግኝቶ ሲሄድ፣ ሁለቱም ሳይነጋገሩ ለቦታው ተመዘገቡ። እሱ «ውላችን እስኪፈረም የተማሪዎቹን ውጤት አንሰጥም እንበል» ይላል። እሷ «ተማሪ ምን በደለ? ውጤቱን እንስጥና፣ ሴፕቴምበር ላይ ግን ያለ ፊርማ ክፍል አንገባም እንበል» ትላለች። በዚህ ተጣሉ። ደጋፊዎቻቸው «ተስማምተው ሸጡን» እንዳይሉ ደግሞ ላብላቢ ቤቱን ተዉት። ለሁለት ወር ኮሪደር ላይ ሲተላለፉ ሰላምታቸው «ባልደረባ» ብቻ ሆነ።

የምርጫው ዕለት፣ እሁድ፣ ምሳ ቋጥሬ አዳራሹ ሄድኩ። ምሳው ሰበብ ነው። ሰውየውን በዓይኔ ማየት ነበረብኝ።

«እማ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለች ራውዳ፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ።

«ዓሣ አምጥቼልሽ ነው።»

«ሰባ ስድስት ሰው ፊት ዓሣ ልብላ?»

ትቻት የኋላው መደዳ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰው አጠገቤ መጣ። ከፎቶው ይልቅ ቀጠን ይላል።

«እንዴት አሉ፣ አክስቴ? የራውዳ እናት ነዎት አይደል? በአገጭዎ አወቅኩዎት።»

«አንተ ነህ ናውፈል? የማን ልጅ ነህ? እናትህ አለች?»

«አለች። ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት።»

«ዓሣ ትበላለህ?»

«እንዴታ። ግን ልጅዎ ካየችኝ በዓሣ ተገዛ ትለኛለች» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ድሮ ከሳህኔ ነበር የምትበላው።»

«የኔ ልጅ ከሰው ሳህን አትበላም! ከአባቷ ሳህን እንኳ በልታ አታውቅም።»

«ከኔ በልታለች» አለ። ዓይኑ አዳራሹን አቋርጦ ሄደ። ራውዳ እያየችን ነበር፤ ወዲያው ዞረች። እሱም የጃኬቱን ቁልፍ ያሽከረክር ጀመር። እኔ ያን ጊዜ ምሳ ዕቃዬን ከፍቼ አንድ ቁራጭ ዓሣ ሰጠሁት።

ቆጠራው ከሰዓት በኋላ አለቀ። አስመራጩ ታሃር፣ ሰው ሁሉ በአክብሮት «ሲ ታሃር» የሚላቸው ጡረተኛ መምህር፣ መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ።

«ሠላሳ ስምንት ለናውፈል። ሠላሳ ስምንት ለራውዳ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ሲ ታሃር ጠረጴዛውን መቱ።

«ደንቡ ግልጽ ነው። ድምፅ እኩል ከሆነ በዕድሜ የሚበልጠው ያሸንፋል። መታወቂያችሁን አምጡ።» አገላብጠው አዩ። «በአንድ ዓመት ነው የተወለዳችሁት። ናውፈል፣ ኤፕሪል ሁለት። ራውዳ፣ ኤፕሪል አሥራ ስምንት። ናውፈል ይበልጣል።»

ጭብጨባው ሳይጀመር ተነስቼ ቆሜ ነበር። እንዴት እንደቆምኩ አላውቅም።

«ልጄ ትበልጣለች!» ብዬ ጮህኩ።

«እማ፣ ተቀመጪ!»

«አልቀመጥም! የወለድኳት እኔ ነኝ። ማርች አሥር ቀን ነው የተወለደችው። አባቷ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከርከና ደሴት ዓሣ ሊያሰግር ሄዶ አርባ ቀን ቆየ። ሲመለስ ልደት የሚመዘገብበት ቀን አልፏል። ጸሐፊው ‹ከምትቀጣ፣ ትናንት ተወለደች በልና እንገላገል› አለው። እኔ ማንበብ አልችል። በአውራ ጣቴ ፈረምኩ።»

ልክ ያልሆነውን ቀን ያየሁት ማንበብ ስጀምር፣ ከቤተሰባችን መዝገብ ላይ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ላላገባች ሴት ልጅ አንድ ወር መቀነሱ ምን ይጎዳል ብዬ። አሁን ግን በሰባ ስድስት ሰው ፊት ዘረገፍኩት።

«ያላገባች ልጇ ላይ ዕድሜ የምትጨምር እናት ዛሬ አየሁ!» አለ አንዱ ከፊት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ናውፈል አልሳቀም። «በስንት ትበልጠኛለች፣ አክስቴ?»

«በሃያ ሦስት ቀን።»

«ሲ ታሃር» አለ፣ «እናቷ እንዲህ ካሉ እንግዲህ እኔ...»

«እንዳትሞክረው!» ራውዳ ብድግ አለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ነኝ የማውቀው፣ ሌላ ሰው አያውቅም። «ብትተውልኝ አልቀበልህም። ዓመቱን ሙሉ ስንጮህ የከረምነው ምን ብለን ነው? ያልተፈረመ ወረቀት አይሠራም፣ የቃል ተስፋ አይበቃንም ብለን አይደለም? ታዲያ ዛሬ ለኔ ሲመች የእናቴ ቃል ከወረቀት ይብለጥ ልበል? ወረቀቱ ኤፕሪል አሥራ ስምንት ይላል። ተሸንፌያለሁ።»

ናውፈል ቆሞ ያያታል። ሰው አንድን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነብ እንዴት እንደሚያይ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ነበር የሚያያት።

ወደ ቤት የተመለስነው በአውቶቡስ ነው። መውረጃችን ሲቀርብ አላስቻለኝም።

«ማንን ነው የመረጥሽው?»

«ድምፅ ምስጢር ነው፣ እማ።»

ጆሮዋ ቀላ። እኔም ቆጠርኩ፤ አንዲት ድምፅ ከናውፈል ወደ ራውዳ ብትመጣ ኖሮ ሠላሳ ዘጠኝ ለሠላሳ ሰባት። ከዚያ በላይ ለመጠየቅ ፈራሁ።

ጁን ላይ ናውፈል «ውጤት እንያዝ» ሲል ግማሹ መምህር እምቢ አለው። እሱም አደባባይ ወጥቶ «እንግዲያው የራውዳን መንገድ እንይዛለን» አለ፤ ምክትሉም አደረጋት። ሥራ ስለሆነ ይደዋወላሉ። ስለ ሥራ ብቻ። በሩ ላይ ጆሮዬን ደቅኜ ሰምቻለሁና አውቃለሁ።

ሴፕቴምበር ደረሰ። ዝርዝሩ ተለጠፈ። የናውፈል ስም አለ። የራውዳ የለም።

ቤት መጥታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። «ነግሬሽ ነበር» ማለቱን ትቼ ጫማዋን አወለቅኩላት። ስልኳ ሲጮህ አላነሳችም። እኔ አነሳሁት።

«አክስቴ፣ ራውዳ አለች?»

«አለች። አትናገርም።»

«አትናገር። ነገ ጧት ሁለት ሰዓት በር ላይ ትገኝ ብቻ።»

በማግስቱ ስማቸው የወጣው ሰባ አምስቱም መምህራን ከእሷ ጋር ከኮሌጁ በር ውጭ ቆሙ። ስሟ የሌለው እሷ ብቻ ናት፤ የቆሙት ግን ሁሉም ናቸው። በሦስተኛው ቀን ውኃና ዳቦ ይዤ ሄድኩ። ናውፈል ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ አፍንጫው ተልጧል። ሳብ አድርጌ ወሰድኩት።

«አንተ ስምህ አለ። ፈርመህ ብትገባ ማን ይከለክልሃል?»

«ማንም።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ የምትሆነው ሊቀመንበር ስለሆንክ ነው?»

ወደ ራውዳ አየ። ተማሪዎቿ ከበዋት፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታሪክ ታስተምራለች፤ ያለ ክፍያ።

«እሷ የሌለችበት ኮሪደር ይረዝምብኛል፣ አክስቴ።»

ያን ቃል ለልጄ አልነገርኳትም። የራሱ አፍ አለው።

ዘጠነኛው ቀን ላይ፣ አመሻሽ፣ ራውዳ ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። ሦስተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«ስሜን ጻፉት፣ እማ! ከዝርዝሩ ግርጌ፣ በእስክሪብቶ! ውሉም ተፈረመ፣ የሁላችንም!»

አቅፌያት አለቀስኩ። ከዚያ በሩን እንዳልዘጋችው አየሁ።

«ማን አለ?»

«ናውፈል።»

«ታዲያ ለምን አይገባም?»

ቀሚሷን ትጎትት ጀመር። እንዲህ ስትሆን አይቻት አላውቅም።

«ብቻውን አይደለም። እናቱን ይዞ ነው የመጣው። ጉልበቷን ያማታል፣ ቀስ ብላ ነው የምትወጣው።»

ከታች የምርኩዝ ድምፅ ተሰማኝ፤ ኳ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ደግሞ ኳ። የናውፈልም ድምፅ፣ «አይዞሽ እማ፣ ደርሰናል» የሚል። አልደረሱም፤ ገና አንደኛው ፎቅ ላይ ናቸው።

ልብስ ልቀይር አላልኩም። ቤት ላጽዳ አላልኩም። ከወጥ ቤት ሁለት ወንበር አነሳሁና ወረድኩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ደረጃው በሚዞርበት፣ ተገናኘን። አንዱን ወንበር ለሴትየዋ ዘረጋሁላት፤ እያቃሰተች ተቀመጠች። ሌላው ላይ እኔ ተቀመጥኩ። ናውፈል ከታች፣ ራውዳ ከላይ፣ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ።

ሴትየዋ ትንፋሿን ሰበሰበችና ሻሿን አስተካከለች።

«እህቴ» አለች፣ «የመጣሁበትን የልጆቻችንን ነገር ላይ ቤት እስክንደርስ ብጠብቅ ይመሻል። እዚሁ ልናገረው?»

«እዚሁ ተናገሪው» አልኳት።