ኪቦርዱ ያልተነካበት ምሽት

የኢዮሲያስን ሬሳ ያገኘችው ሩቅያ ናት። ጠዋት ፌርፋክስ በሚባለው የሐበሾች ሰፈር ያለውን የቅመም ሱቋን ልትከፍት ስትመጣ፣ ከፎቁ ወደ ኋላው ፓርኪንግ በሚያወርደው ደረጃ ሥር ተዘርሮ አየችው። ፖሊስ «አዳልጦት ነው» ብሎ ሄደ። ሚስቱ ዶርካስ ግን ልቧ አልተቀበለውምና የግል መርማሪ የሆነችውን ሥርጉትን ጠራች።

ሥርጉት የሰው ሐዘን ስትሰማ ኖራ ዝላለች። የደረጃውን ብረት ይዛ፣ እያረፈች ወጣች። ብረቱ አይነቃነቅም፤ ደረጃውም ሻካራ ነው።

ፎቁ ላይ ትንሽ ቢሮ አለ። ባለቤቱ አሮን ነው። ልዩ የምትባል ወጣት ኮድ ትጽፋለች፤ ኢዮሲያስ ደግሞ እያንዳንዱን መስመር መርምሮ «ይለፍ» ወይም «አይለፍ» ይል ነበር። የሚሠሩት ድራይቨር የተባለ ፕሮግራም፣ ከርነል በሚባለው የኮምፒውተሩ እምብርት ውስጥ ተቀምጦ፣ ማሽኑ ምን ያህል እንደሚለፋ ይቆጥራል።

«ከኢዮሲያስ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?» አለቻት ልዩን።

«እትዬ ሥርጉት፣ አልዋሽሽም። ኮዴን ሪጀክት አደረገው። ክፍተት አለው፣ ማንም በዚህ ገብቶ የሰው ሚስጥር ያያል አለኝ። አልቅሻለሁ፤ ግን ልክ ነበር። ማታ የመዘምራን ልምምድ ላይ ሆኜ ‹ይለፍ› ብሎ አፕሩቭ እንዳደረገው ስልኬ ላይ ሳይ ገረመኝ።»

«ሳታስተካክዪው?»

«አንድ መስመር ሳልነካ።»

አሮን ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ሁላችንም ደክሞናል። ደንበኛው ይጨቀጭቀናል። ሶ፣ አሳመንኩት። ዴስኩ ላይ ሆኖ ሲጽፍ ትቼው ወጣሁ። ካልቨር ሲቲ ቤቴ ስገባ አፕሩቫሉ ስልኬ ላይ መጣ። ከዚያ በኋላ ሲወርድ ወድቆ ነው።»

ታች ሩቅያ አንገቷን ደፋች። «ያን ማታ ሱቄን ስዘጋ ከፎቁ ጭቅጭቅ ሰምቼ ነበር። የወንዶች ድምፅ። ሁልጊዜ ስለሚጨቃጨቁ ልብ አላልኩትም፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ሥርጉት ጉልበቷን እየረገመች እንደገና ወጣች። ልዩን የሟቹ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠቻት።

«ድራይቨሩ እዚህም ላይ አለ?»

«አዎ፣ ቴስት የሚያደርገው እዚህ ነበር። ሁሉን ይቆጥራል፤ ኪቦርድ ሲነካ፣ ሰው ከውጭ በኔትወርክ ሲገባ...» ልዩ የስክሪኑን ቁጥሮች አየችና ፊቷ ተለዋወጠ።

በማግስቱ ከሰዓት ሥርጉት ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበች።

«ደክሞኛል፤ አላስረዝመውም» አለች። «አሮን፣ ሲጽፍ ትቼው ወጣሁ ብለኸኛል። ማሽኑ ግን የዚያን ማታ ኪቦርዱን የነካ ጣት አልቆጠረም። ‹ይለፍ› የተባለው ከውጭ በኔትወርክ በገባ ሰው ነው።»

«ራሱ ከስልኩ ገብቶ ይሆናላ።»

«ታዲያ ዴስኩ ላይ ሲጽፍ ያየኸው ማንን ነው? ልዩ፣ የዚህን ማሽን ፓስወርድ ማን ያውቃል?»

«እሱና አሮን ብቻ።»

«ኦኬ፣ እኔ ነኝ!» አለ አሮን። «ደንበኛው አጣደፈኝ፣ ከስልኬ ገብቼ በስሙ አሳለፍኩት። ይሄ መግደል ነው?»

«በሕያው ሰው ስም ብትጽፍ፣ ሲነጋ ‹እኔ አልጻፍኩም› ብሎ ያጋልጥሃል። ኢዮሲያስ ደግሞ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። ሬሳው የተገኘው ጠዋት ነው፤ አንተ ግን ከእንግዲህ አፍ አውጥቶ እንደማይናገር ማታውኑ አውቀሃል። ያንን ሊያውቅ የሚችለው ደረጃው ላይ አብሮት የነበረ ሰው ነው።»

አሮን ወንበሩ ላይ ተልፈሰፈሰ። «ክፍተቱን ለደንበኛው እነግራለሁ አለኝ። እጁን ያዝኩት፣ አስለቀቀኝ፣ ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም። እንቅልፍ ካየሁ ስንት ጊዜዬ...»

ጥጉ ጋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የነበረችው ዶርካስ ቀና አለች።

«ትተኸው ስትሄድ ይተነፍስ ነበር?»

አሮን ወለል ወለሉን አየ። «አዎ» አለ፣ ለመስማት በሚያስቸግር ድምፅ።

«ስልክ በእጅህ ነበር» አለች ዶርካስ። «በዚያው እጅህ ‹ይለፍ› ብለህ ጻፍክበት።»

ሥርጉት ፖሊስ ጠራችና ከዶርካስ ጎን ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ዶርካስ ትከሻዋ ላይ ስትወድቅ፣ አቅፋ ያዘቻት።