ውጣ ሙቀት፣ ውጣ!

ዛሬ ሂክማ ታላቅ እህት ሆናለች። አዲሱ ወንድሟ ከሐኪም ቤት ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው!

የድሬዳዋ ፀሐይ ግን ከርራለች። ከጠዋት ጀምሮ ደጅ የቆመችው የአባዬ መኪና እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ግላለች።

እማዬ ሕፃኑን አቅፋ ገባች። አክስት ፈትያና ሂክማም ከጎኗ ተቀመጡ።

አባዬ የመኪናዋን ማቀዝቀዣ፣ ኤሲውን፣ ከፈተ። ፉ! ፉ! ፉ! «ኧረ ትኩስ ነው!» አለ።

የሕፃኑ ፊት ቀላ። «እንጓ! እንጓ!»

ሂክማ ወንድሟ አሳዘናት። መስኮቱን ከፈተች።

አክስት ፈትያ መልሳ ዘጋችው። «ነፋስ እንዳይመታው! ዝጉ! ዝጉ!»

አባዬም በራሱ በኩል ከፈተ። አክስት ፈትያ አሁንም ጮኸች፦ «ነፋስ እንዳይመታው! ዝጉ! ዝጉ!»

አባዬ ኤሲውን ጨመረ። ፉ! ፉ! ፉ! አሁንም ትኩስ!

«በቃ፣ ተበላሽቷል» ብሎ መሪውን መታው። መኪናዋም «ጲጵ!» አለች።

ሂክማ አሰበች። ሙቀቱ እኮ ውስጥ ተቀምጧል። ሁሉም ነገር ተዘግቶ በየት ይውጣ?

«አክስቴ፣ ሕፃኑን ይዛችሁ ጥላ ሥር ቆዩ። መጀመሪያ ሙቀቱ ይውጣ፤ ከዚያ እንዘጋለን።»

«በደንብ ትዘጊያለሽ?»

«ጥርቅም አድርጌ!»

አራቱም በሮች ተከፈቱ። ሂክማ የአክስቷን ሻሽ አራገበች። «ውጣ ሙቀት፣ ውጣ! ውጣ ሙቀት፣ ውጣ!»

ከዚያ ሁሉም ገቡ። በሮቹም ጓ! ጓ! ጓ! ጓ!

ፉ! ፉ! አሁን ለብ ያለ ነው። ገና አልቀዘቀዘም።

ሂክማ አንገቷን አስግጋ የኤሲውን ቁልፎች አየች። ማንበብ አትችልም፤ ሥዕል ግን ታውቃለች።

አንዱ ቀስት ከውጭ ወደ መኪና ይገባል። ሌላው ቀስት መኪና ውስጥ ይዞራል።

«አባዬ! መብራቱ የበራው የሚገባው ቀስት ላይ ነው። የውጭውን ሙቀት እያስገባን ነው! የሚዞረውን ተጫነው!»

ጠቅ! ሽሽሽሽ... ቀዝቃዛ!

«ነፋስ እንዳይመ...» ብላ ጀመረች አክስት ፈትያ። ሂክማ ግን የነፋሱን መውጫ ቀድማ ወደ ጣሪያ አዙራዋለች።

ሕፃኑ አዛጋ፤ ተኛ።

ሂክማ ደስታዋን አልቻለችውም። አባዬም ሰፈር ሲደርሱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «መካኒኳ መጣች!» አለ።

ማታ ሂክማ ከወንድሟ አልጋ አጠገብ ተኛች። አክስት ፈትያ መስኮቱን ልትዘጋ መጣች።

«ነፋስ እንዳይመታቸው» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ሂክማን አየቻት፤ ፈገግ አለች።

መስኮቱንም ትንሽ ከፈት አድርጋ ተወችው። ሙቀቱ ይውጣ።