ተጠርጣሪ የሌለው ፊልም

«እኔ ይህን አላነብም» አለች ጭራሮ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መልሳ እያስቀመጠች።

ጭራሮ ያሏት ቅጥነቷን ያዩ የክፍሏ ልጆች ናቸው። ጓደኛዋ ቱርቦ ደግሞ አፉ ፍሬን የለውም፤ ስሙ የወጣለትም በዚሁ ነው። ሁለቱ የትምህርት ቤታቸውን ሬዲዮ ያዘጋጃሉ። እሱ ይጽፋል፣ እሷ ታነባለች፤ በዕረፍት ሰዓት ድምፅዋ በግቢው ድምፅ ማጉያ ይለቀቃል።

«ምን ሆነሽ ነው ባክሽ? ሊደወል ነው እኮ!»

«‹ከድራማው የበለጠ ድንቅ ፊልም› ብለሃል እዚህ ጋ። አይተኸዋል?»

ቱርቦ ጆሮውን አከከ። «ያው… ፖስተሩን አይቻለሁ። ኳስ ነበረብኛ! ደግሞ ስሚኝ፣ የሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ጥሩ ጥሩውን ካወራችሁልኝ ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ ትገባላችሁ ብሎኛል። በነፃ! አታካብጂ በናትሽ።»

ፊልሙ የተሠራው «አንድ ጥያቄ» ከሚባለው ተወዳጅ የወንጀል ድራማ ተነሥቶ ነው፤ መርማሪው ገና ወጣት ሳለ የሆነውን ይተርካል። ድራማው ላይ መርማሪው አሮጌ ካፖርት ለብሶ፣ እያነከሰ ይመጣና ተጠርጣሪው ፊት ይቀመጣል። አንዲት ጥያቄ ይጠይቅና ዝም ይላል። ዝምታው እየከበደ፣ እየከበደ ይሄድና ሰውየው ራሱ ሁሉንም ይዘረግፈዋል።

በእነጭራሮ ቤት ይህ ድራማ የራሱ ሕግ ነበረው። መጨረሻው ሲቃረብ ማስታወቂያ ይገባል፤ ያኔ የቧንቧ ሠራተኛው አባቷ ወደ እሷ ዞሮ «እሺ የኔ ልጅ፣ ማንን ጠረጠርሽ?» ይላታል። እሷ ትናገራለች፣ እሱም ይናገራል። የተሳሳተው ሰው ሳህን ያጥባል። አባቷ ቀኑን ሙሉ በሰው ቤት ማጠቢያ ሥር ተጋድሞ ውሎ፣ ማታ ደግሞ እጅጌውን ጠቅልሎ «ይቺ ልጅ ጉድ ሠራችኝ!» እያለ በሳቅ ሲያጥብ ከማየት የሚጥማት ነገር አልነበረም።

ፊልሙ ሲመጣ አባቷ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ነበር ይዟት የሄደው። ሊያልቅ ሲል በጨለማው ውስጥ ጠጋ አላትና «ማንን ጠረጠርሽ?» አለ።

«ማንንም፣ አባዬ። ወንጀለኛውን ገና ሲጀምር ነግረውናል እኮ።»

ቤት ገብተው፣ የተሸነፈ ስላልነበረ ሳህኑን አብረው አጠቡ። ሳህን ማጠብ እንደዚያን ቀን ደብሯት አያውቅም።

ደወሉ ተደወለ። ግቢው ተንጫጫ።

«ካላነበብሽ እኔው አነበዋለሁ!» አለ ቱርቦ።

«አንብበው። ግን ‹ፊልሙን አይቻለሁ› ብለህ ጀምር።»

ቱርቦ ማይክራፎኑን በጣቱ ገፋ አደረገላትና «እንደፈለግሽ! ቅዳሜያችንን ግን አፈር አበላሽው» አላት።

ግቢው ውስጥ ድራማውን የማይወድ የለም፤ ቢጮኹባትስ? በልቧ «አምላኬ፣ ድምፄን አታሳጣኝ» ብላ ቁልፉን ተጫነች።

«ድራማውን እንደ እናንተው እወደዋለሁ፤ እውነቱን የምነግራችሁም ለዚሁ ነው። ፊልሙ አልተሳካለትም። ካፖርቱን ማን እንደሰጠው ነገሩን። እግሩ እንዴት እንደተሰበረ ነገሩን። ብዕሩን እንኳ ከየት እንዳገኘው ነገሩን! የቀረን የካልሲው ታሪክ ብቻ ነው።»

ከውጭ ሳቅ ሰማች። ድምፅዋ ጠና አለ።

«ያ ሰው ታግሦ ማዳመጥን ከየት ተማረው? እሱን ግን ማንም አላሳየንም። ከጣሪያ ጣሪያ ይዘላል፣ ይጮኻል፣ ይተኩሳል። እናቱን ሆና የሠራችው ተዋናይት ደረጃው ላይ ቆማ ስትጠብቀው ግን ትንፋሼን ውጬ ነው ያየሁት፤ ለእሷ ሲባል ቢታይ አይቆጭም። ድራማው ‹ራሳችሁ ድረሱበት› ይለን ነበር፤ ያምነን ነበር። ፊልሙ አላመነንም።»

ቁልፉን ለቀቀች። በመስኮቱ ስታይ ኳሷ ብቻዋን ትንከባለላለች፤ ተጫዋቾቹ አንጋጠው ድምፅ ማጉያውን ያያሉ።

«ልክ ነች!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ከዚያ ግቢው በጭብጨባና በፉጨት ተቀወጠ። «የካልሲውን ድገሚልን!» የሚል አለ። «ምን ታውቂያለሽ፣ ምርጥ ፊልም ነው!» የሚልም አለ። ተጨቃጫቂው ሁሉ ወደ ሬዲዮ ክፍሉ ጎረፈ።

ቱርቦ ጥርሱን መደበቅ አልቻለም። «ቅዳሜ ቀረ» አለ።

«ቀረ።»

«ይሁና! እንዲህ ተጨብጭቦልን ያውቃል? እኔም ልየውና ልጻፍ እንዴ?»

በሩ ተደበደበ። ቱርቦ ሮጦ በጀርባው ደገፈው። «ጭራሮ፣ ሊበሉን ነው! ‹ምርጥ ነው› ባዩ ፊት ፊት ነው ያለው። ምን ይሻላል?»

ጭራሮ ከማይክራፎኑ ፊት ተነሣች። ወንበሩን ወደ በሩ አዞረችና አቧራውን በእጅጌዋ ጠረግ ጠረግ አደረገችለት።

«ክፈትለት፤ ተቀምጦ ይንገረን» አለችው።