የሰባተኛው ፉርጎ ታኮ

ጋሽ መዶሻ ረፋድ ላይ በሁለት ፉርጎዎች መሃል ተጨፍልቆ ተገኘ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የፉርጎ መንኮራኩር በመዶሻ እየመታ፣ ድምፁን ሰምቶ «ይሄ ደህና፣ ይሄ ስንጥቅ» ሲል የኖረ ሰው ነው። ለብረት እንዲህ የነቃው ጆሮው ሚስቱ ስትጠራው ግን አይሰማም ነበር ይባላል።

መርማሪው ሲደርስ የባቡር ጣቢያው ሹም ወረቀት አዘጋጅቶ ጠበቀው። «ሾፌሯ ያለ ምልክት ሎኮሞቲቩን አንቀሳቅሳ ሰው ገደለች» ይላል። የቀረው የእሷ ፊርማ ነው፤ ከፈረመች ወህኒ ትወርዳለች።

«አልፈርምም» አለች ሾፌሯ። እጇ እስከ ክርኗ ዘይት ነው። «አጎቴ ነው፣ ያሳደገኝ። ሎኮሞቲቬ ንቅንቅ አላለም።»

«ይድገሙልኝ» አለ መርማሪው። ልማዱ ነው፤ ባልደረቦቹም «ይድገሙልኝ» እያሉ ነው የሚጠሩት።

«መቶ ጊዜ እደግመዋለሁ። ፊርማዬን ግን አታገኟትም።»

ሹሙ ፈገግ አለ። «የጨፈለቀው ሰባተኛው ፉርጎ ታኮ ተደርጎለታል፤ በራሱ አይወርድም፤ ሄደው ይዩት። ታዲያ ማን ገፋው፣ ንፋስ?»

መርማሪው ሄዶ አየ። ሐዲዱ በአንድ ወገን ወደ መጋዘኑ፣ በሌላው ወደ ወንዙ ይሄዳል። ከመንኮራኩሩ ሥር፣ በመጋዘኑ በኩል፣ የእንጨት ታኮ ተሸጉጧል። የፉርጎው ጎን ላይ ደግሞ የተጠረገ የጠመኔ ምልክት አለ።

«ይሄስ?» ብሎ እዚያው የቆመውን የጣቢያውን መካኒክ ጠየቀ።

«የጋሽ መዶሻ መስቀል ነው። መንኮራኩሩ ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ መስቀል ያለበት ፉርጎ አይወጣም። ሹሙ ጠዋት ‹ዛሬ ካልወጣ› ብለው ሲጨቃጨቁት ነበር።»

«እርስዎስ አልተጣሉትም?»

«ተጣልቼዋለሁ እንጂ። የጠገንኩትን ሁሉ ‹አልወደድኩትም› እያለ ይመልስብኝ ነበር። ከሱ ጋር ያልተጣላ ማን አለ? ግን አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።»

መርማሪው ሦስቱንም እዚያው ሐዲድ ላይ ከቆመ ሌላ ፉርጎ ዘንድ ሰበሰባቸው። «እስቲ በየተራ ታኮ አድርጉለት።»

ሾፌሯ በወንዙ በኩል ሸጎጠች። መካኒኩ እያጉረመረመ፣ ሳያይ፣ በወንዙ በኩል። ሹሙ «ይሄ ምን ያቅታል» ብሎ ግራ ቀኙን አየና በመጋዘኑ በኩል አደረገ።

መርማሪው ከመካኒኩ የተዋሰውን የኩሽኔታ ብይ ሐዲዱ ላይ አስቀመጠ። ብይዋ ትንሽ አመነታችና ወደ ወንዙ ተንከባለለች።

«መጋዘኑ ዘሞ ስለተሠራ ከቢሮ መስኮት ለሚያይ ሰው ቁልቁለቱ በተቃራኒው ይመስላል። ጋሽ መዶሻ ፉርጎ መሃል ከመግባቱ በፊት ታኮውን በወንዙ በኩል አደረገ። አንድ ሰው ነቀለው፣ የእጅ ፍሬኑን ፈታ፣ ፉርጎው ወረደበት። ከዚያ ሾፌሯን ለመወንጀል ታኮውን መለሰው፤ ያለ ቦታው። እዚህ ሐዲድ ላይ የሠራ ሰው እንዲህ አይሳሳትም። መስቀሉንም የጠረገው ያው ሰው ነው። ሹም፣ እስቲ የኮትዎን እጅጌ።»

ሹሙ እጁን ወደ ኋላ አደረገ። እጅጌው ላይ የተነካካውን ጠመኔ ሁሉም ያየው ያኔ ነው።

«አንድ ሽማግሌ በጠመኔ ጣቢያዬን ያቁመው?» አለ።

ሾፌሯ ያልተፈረመውን ወረቀት ለሁለት ቀደደችው። ከአጎቷ ቦርሳ ጠመኔ አውጥታ ሰባተኛው ፉርጎ ላይ ከቀድሞው የሚበልጥ መስቀል ሠራች።

«አይወጣም።»

«ይድገሙልኝ» አለ መርማሪው፣ በደንብ ሰምቶ ሳለ።

«አይወጣም።»