ሁለተኛው መስመር

«እግርህን! አባዬ፣ እግርህን!»

ደሊያ የጮኸችው ገመዱ ገና ሳይነካው ነበር። ሎብስተር የተባለው የባሕር እንስሳ የሚያዝበት ወጥመድ ከጀልባዋ ኋላ ወደ ባሕሩ ወርዶ፣ ገመዱ ከወለሉ ላይ እየተተረተረ ሲከተለው፣ አንዷ ጥቅል ወደ አባቷ ቦት ጫማ ተጠጋች። ሮስኮ እግሩን አንስቶ ወደ ጎን ረገጠ። ገመዱ ሽው ብሎ አለቀ። መጨረሻው ላይ ለምልክት የታሰረችው ብርቱካናማ ተንሳፋፊም ተከትላው ወጣችና ማዕበሉ ላይ ትዋልል ጀመር።

«አይቼዋለሁ እኮ!» አለ ሮስኮ እየሳቀ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማውቀው ገመድ ነው። አንቺ ልጅ ጆሮዬን ልታደነቁሪው ነው።»

የጀልባዋ ራዲዮ ተንኮሻኮሸ። ከወዲያ ማዶ ወጥመዱን የሚያነሳው ጎረቤታቸው ሃርላን ነው። «ሮስኮ፣ አሁን የሰማሁት የባሕር ወፍ ነው ወይስ ፕሮፌሰሯ ናት?»

«ፕሮፌሰሯ ናት!» አለ ሮስኮ መነጋገሪያውን አንስቶ። «አንተ ወፍህን ጠብቅ!»

በትምህርቷ ጎበዝ ስለሆነች «ፕሮፌሰሯ» የሚላት የወደቡ ሰው ሁሉ እንደሚስቅ ደሊያ ታውቃለች፤ በዚያ ራዲዮ የሚባለውን የማይሰማ ሰው የለም። እሷ ግን መሳቅ አቃታት። የሚቀጥለውን ወጥመድ ከፍታ የሚገማውን የዓሣ ማባበያ እያሰረች እንኳ ዓይኗ ከአባቷ ቦት ጫማ አልተነቀለም።

ከሁለት ወር በፊት እዚሁ ቦታ ላይ ገመዱ ቁርጭምጭሚቱን ጠምጥሞ ያዘው። ዘወር ስትል ግማሽ አካሉ ከጀልባዋ ውጪ ነበር። የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጧል፣ የሚሰምጠው ወጥመድ ደግሞ እግሩን ወደ ታች ይጎትተዋል። አልጮኸም። ዓይን ዓይኗን ብቻ ያያት ነበር። ምሰሶው ላይ ከተሰካው አፎት ቢላዋውን መዝዛ ገመዱን ስትቆርጠው ነው ወለሉ ላይ የወደቀው። ትንፋሹ ሲመለስለት መጀመሪያ የተናገረው፣ «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ከሰማች ጀልባዋን ሽጣት ነው የምትለኝ። ማይልኝ» የሚል ነበር። ደሊያም ማለችለት።

ወይ መሐላ! ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር በቅጡ አላየችም።

ደብዳቤው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አምና የወሰደችው የአገር አቀፍ ፈተና ውጤት ነው፤ በመላ አገሪቱ ከፍተኛ ነጥብ ካመጡት ተማሪዎች አንዷ ሆናለች። ውጤትሽን የምናሳውቃቸውን ሁለት ኮሌጆች ምረጪ ይላል። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ሚስ ኦርካት ቅጹን በደሊያ ስልክ ላይ ከፍታ አሳየቻት። ሁለት መስመር ብቻ ነው። «እስከ ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣» አለቻት። «አንዱን ባዶ እንዳትተዪው።»

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ደሊያ የመጀመሪያውን መስመር ሞልታለች፦ ድልድዩን ተሻግሮ ያለው ኮሌጅ፣ ከቤት አርባ ደቂቃ። ሁለተኛው አሁንም ባዶ ነው።

ሮስኮ ሞተሩን ቀንሶ ሳንድዊቹን ከፈተ። «ቅጹን ጨረስሽ?»

«አንዱን።»

«ሌላውስ?»

ደሊያ የውሃ ጠርሙሷን ከፍታ ተጎነጨች።

«ሚስ ኦርካት ሱቅ አግኝታኝ ነግራኛለች፣» አለ ሮስኮ ሳንድዊቹን እያላመጠ። «እዚያ ሩቅ አይዋ ግዛት፣ የበቆሎ ማሳ መሃል ያለው ኮሌጅ። ይሄን ውጤት ላመጣ ልጅ ሙሉ ወጪውን ይችላል አለችኝ። ካልተነገረው ግን ከየት ያውቅሻል? ስለሱ ስታወሪ ደግሞ ፊትሽ እንደሚበራ ነገረችኝ። ታዲያ ምን ያስፈራሻል? ባሕር የለም፣ ማዕበል የለም፣ በቆሎ አይነክስሽም።»

«አንተ ነህ የምታስፈራኝ!» ድምፅዋ ሳታስበው ጮክ አለ። «እኔ ከሄድኩ ገመዱን ማን ይቆርጠዋል?»

«ራሴ።»

«በየትኛው እጅህ?»

ሮስኮ ማላመጡን አቆመ። እጆቹን አየ። ያን ቀን ሁለቱም የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ነበሩ፤ አንዱን ቢለቅ ኖሮ አልቆለት ነበር።

«ሰው ቅጠር፣» አለች ደሊያ ቀስ ብላ።

«ባዕድ ሰው ጀልባዬ ላይ? ምን ቆርጦኝ!» ሳንድዊቹን ጠቀለለው። «ካንቺ በፊት ብቻዬን ነበርኩ፣ ካንቺም በኋላ ብቻዬን እሆናለሁ። አንቺ ሂጂ፣ እኔ አልከለከልኩሽም።»

እሱ ነው እኮ ጣጣው። ቢከለክላት ኖሮ ትጣላው፣ ታኮርፈው፣ በሩን ድርግም አድርጋበት ትሄድ ነበር። እሱ ግን ሂጂ ይላታል፤ በሄደች ማግስት ቅዳሜም ብቻውን ባሕር ላይ ይወጣል፣ እሷም አይዋ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ ስልኳ በጮኸ ቁጥር ክው ትላለች። ባዶውን መስመር ባዶውን ብትተወውስ? የቅርቡ ኮሌጅ አርባ ደቂቃ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። እሷ ትምህርት ላይ ስትሆን የሰኞውን ገመድ፣ የማክሰኞውን ገመድ ማን እንደሚቆርጠው ግን አላወቀችም።

ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ራዲዮው ተንኮሻኮሸ።

«ደሊያ ጂን፣ ደሊያ ጂን፣ ከቤት ነው። ሁሉ ደህና?»

እናቷ ዊኒ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ከማድ ቤት በራዲዮ ትጣራለች፣ የምትጠራውም በጀልባዋ ስም ነው። ጀልባዋ ደግሞ የተሰየመችው በልጅቷ ሙሉ ስም ስለሆነ፣ የትኛዋን እንደምትጠራ ለይቶ የሚጠይቅ የለም። መልስ የምትሰጠው ሁልጊዜ ደሊያ ናት። «ሁሉ ደህና» ብላ ትዘጋለች፤ ሁለት ወር ሙሉ እንዲሁ አለች።

መነጋገሪያውን አነሳች። ሮስኮ እንደወትሮው ራሱን ነቀነቀላት።

«እማዬ፣» አለች። «እኔና አባዬ አሁን ደህና ነን። ግን... ሁሉ ደህና አይደለም። ያልነገርንሽ ነገር አለ። በራዲዮ አይሆንም፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደቡ ጋ ጠብቂን።»

ራዲዮው እሽሽ አለ። ሃርላን እንኳ ትንፍሽ አላለም።

«አባትሽ አለ?» አለች ዊኒ።

«አለ። አጠገቤ ቆሟል።»

«እሺ። እመጣለሁ።»

ደሊያ መነጋገሪያውን መልሳ ለመስቀል ሁለቴ ሳተችው። እንባዋ መጣ።

«ምለሽልኝ ነበር፣» አለ ሮስኮ።

«ምዬ ነበር። ከዚህ በላይ ግን አልችልም አባዬ። ፈራሁ። በየቀኑ ነው የምፈራው።»

ሮስኮ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ቀሩት ወጥመዶች ነዳ። አሥራ ሁለት ነበሩ፤ ሁሉንም አንድ በአንድ አነሳ፣ መልሶ ጣለ። ፊቱ ጠቁሯል። እሷም ካሁን አሁን ይጮህብኛል እያለች ሥራዋን ቀጠለች። ያየችው ነገር ቢኖር፣ እያንዳንዱን ወጥመድ ከመልቀቁ በፊት ጎንበስ ብሎ እግሩ ሥር ሲያይ ነው። ቀድሞ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

መብራት ቤቱ ያለበትን ጥግ ሲዞሩ ኔትወርክ መጣ። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተርገበገበ። ወደቡ ከሩቅ ታየ፤ ዊኒ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ጀልባ በሚታሰርበት የእንጨት መድረክ ላይ ቆማለች፣ እጆቿን አጣምራለች።

«አየሃት?» አለች ደሊያ።

«አየኋት።» ሮስኮ ጉሮሮውን ጠረገ። «የሃርላን የእህት ልጅ ሥራ ይፈልጋል። ወሬ አይችልም፣ እንቅልፋም ነው ይባላል።» ሞተሩን ቀነሰ። «ቢላዋ መያዝ ግን አያቅተውም መሰለኝ።»

ደሊያ ቀና ብላ አየችው። እሱ ግን ዓይኑን ከወደቡ አላነሳም።

«ያን ቅጽ አሁን ጨርሺው፣» አለ። «እናትሽ ከያዘችን በኋላ ጊዜ አይኖርሽም።»

ጓንቷን በጥርሷ ስባ አወለቀች። ጣቷ እርጥብ ስለነበር ስልኩ እምቢ አላት፤ ሹራቧ ላይ አብሳው እንደገና ሞከረች። ሁለተኛው መስመር ላይ የአይዋውን ኮሌጅ ስም ጻፈች። ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ እዚያው ደረቷ ውስጥ ነው። ጀልባዋ መድረኩን ከመንካቷ በፊት «ላክ» የሚለውን ተጫነች፣ ስልኳን ኪሷ ከተተች፣ ከዚያም የማሰሪያውን ገመድ አንስታ ለእናቷ ወረወረችላት።